ሰብታይትል የማያስፈልጋት ጁሊ አንድሩስ

ታናሽ እህቴ ኔትፍሊክስ ላይ "ብሪጅርተን" የተባለውን ድራማ ስታይ አንድ ምሽት አብሬያት ተቀመጥኩ። ታሪኩን የምትተርክ፣ የከተማውን ሐሜት አንድ በአንድ የምታወራ ሴት አለችበት። መልኳ አይታይም፤ ድምፅዋ ብቻ ነው የሚሰማው። እህቴ እንግሊዝኛው ሲፈጥንባት ከታች የሚያልፈውን ጽሑፍ ታነባለች። መሃል ላይ ዞር አለችና "ይቺ ሴትዮ ግን ማናት? እሷ ስታወራ ሰብታይትል አላነብም" አለችኝ።

ጁሊ አንድሩስ ናት አልኳት። ስሙ አልመጣላትም። ተራራ ላይ እጇን ዘርግታ እየተሽከረከረች የምትዘፍነዋ አልኳት። "እንዴ፣ እሷማ ድምፅዋ ጠፍቶ የለ?" አለች። የሆነ ቪዲዮ ላይ አይታ ነው።

ስለዚህች እንግሊዛዊት ተዋናይትና ዘፋኝ የሚወራው ሁሉ መጨረሻው እዚህ ላይ ነው። ድንቅ ድምፅ ነበራት፣ ቀዶ ሕክምና አበላሸው፣ አቤት ስታሳዝን! ከዚያ ወዲህ የሠራችው ሁሉ እንደ መጽናኛ ይቆጠራል። እኔ በዚህ አልስማማም። የጠፋው ዘፈኗ ነው። ትልቁ ሙያዋ ግን ቃል ነበር፤ እሱ ደግሞ አሁንም አብሯት አለ።

ከሥሩ እንጀምር። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1935 ከለንደን ወጣ ብላ በምትገኘው ዋልተን ኦን ቴምዝ ተወለደች። እናቷ ፒያኖ ትጫወታለች፣ እንጀራ አባቷ ይዘፍናል። ሰውዬው መጠጥ ያበዛ ነበር፤ ቤቱም ሰላም የሞላበት አልነበረም። ልጅቷ ግን ከእነሱ ጋር መድረክ ለመድረክ እየዞረች አደገች። በ12 ዓመቷ ለንደን ሂፖድሮም ላይ ትልልቆቹን የሚያስጨንቅ የኦፔራ ዜማ ዘፈነች። በ13 ዓመቷ በንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ፊት ቆመች። ድምፅዋ አራት ኦክታቭ (ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ያለው ስፋት መለኪያ ነው) ይደርስ ነበር። እሷ ራሷ በዚህ ትቀልዳለች፤ ስዘፍን ውሾች ከሩቅ ይመጡ ነበር ትላለች።

ሰው የሚያስታውሰው ያንን የድምፅ ቅጥነት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። አስተማሪዋ ሊሊያን ስታይልስ አለን የምትባል ሶፕራኖ፣ ማለትም ባለ ቀጭን ድምፅ ዘፋኝ ነበረች፤ ልጅቷን ከዜማው እኩል የቃል አወጣጥ አስጠናቻት። ተነባቢዎቹን አጥብቀሽ ያዢ፣ ዜማው ይከተላል ዓይነት ትምህርት ነው። የፈለጋችሁትን የድሮ ዘፈኗን ክፈቱና ስሙ። አንድም ፊደል አትውጥም።

በ1956 የኒው ዮርክ የትያትር ሰፈር በሆነው ብሮድዌይ ላይ "ማይ ፌር ሌዲ" የተባለው የሙዚቃ ትያትር ሲዘጋጅ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ኢላይዛ ዱሊትልን አገኘች። ገና 20 ዓመቷ ነው። ኢላይዛ አበባ ሻጭ ናት፤ አነጋገሯ ኮክኒ የሚሉት የለንደን የድሆች ሰፈር አነጋገር ነው። አንድ የቋንቋ ፕሮፌሰር እንደ ትልቅ ሰው ልጅ እንድትናገር አደርጋታለሁ ብሎ ይወራረድባታል። ጁሊ በዘፈኑ አልተቸገረችም። ትወናው ግን አልሆንልሽ አላት። ፕሮፌሰሩን የሚጫወተው ሬክስ ሃሪሰን ስመ ጥር ነበር፤ ትዕግሥቱ ደግሞ አጭር። ዳይሬክተሩ ሞስ ሃርት ታዲያ ሌላውን ሰው ሁሉ ለ48 ሰዓት አሰናበተና ከእሷ ጋር ብቻውን ቀረ። መስመር በመስመር፣ ቃል በቃል ሄዱበት። ተቆጣት፣ አባበላት፣ ራሱ እየተጫወተ አሳያት። የዚያን ቅዳሜና እሁድ ውለታ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። ኮክኒውን ያስተማራት ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አሜሪካዊ! እንግሊዛዊት ልጅ የለንደንን አነጋገር ከአሜሪካዊ ተማረች።

ትያትሩ ገነነ። ከዚያ ሆሊውድ መጣ። የፊልሙን መብት የዋርነር ብራዘርስ ፊልም ኩባንያ አለቃ ጃክ ዋርነር በ5 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ገዛና ጁሊን ትቶ ዝነኛዋን የፊልም ተዋናይት ኦድሪ ሄፕበርንን ወሰደ። ጁሊን የፊልም ተመልካች አያውቃትም ብሎ ነው። በዚያን ጊዜ ያን ያህል ገንዘብ ላፈሰሰ ነጋዴ ነገሩ አይፈረድበትም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ምናልባት ያንኑ አደርግ ነበር። የማይገባኝ ቀጥሎ ያደረገው ነው። የኦድሪ ድምፅ ለዘፈኖቹ አልበቃ ሲል አብዛኞቹን ማርኒ ኒክሰን የምትባል ዘፋኝ እንድትዘፍንላት ተደረገ። መልክ ከአንዷ፣ ድምፅ ከሌላዋ። ያውም የሰው ልጅ አነጋገር ማንነቱ ነው በሚል ታሪክ ላይ!

ዋልት ዲዝኒ ግን "ካሜሎት" በተባለው ትያትር ላይ አይቷት ነበርና "ሜሪ ፖፒንስ" በተባለው ፊልም ላይ የአስማተኛዋን ሞግዚት ቦታ ሰጣት። ነፍሰ ጡር ነኝ ስትለው እንጠብቅሻለን አላት። ጠበቋት፤ ወለደች፤ ሠራች። ሁለቱም ፊልሞች በ1964 ወጡ። በቀጣዩ ዓመት ኦስካር ላይ "ማይ ፌር ሌዲ" 8 ሽልማት ሰበሰበ። የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ግን የጁሊ ሆነ፤ ኦድሪ እጩ እንኳ አልሆነችም። ከዚያ ቀደም ብሎ ጎልደን ግሎብ የተባለውን ሌላ የፊልም ሽልማት ስትቀበል ጁሊ አመስጋኝ ሆና ቀረበችና፣ ይህ ሁሉ እንዲሆን ላደረጉት ለሚስተር ጃክ ዋርነር ምስጋናዋን አቀረበች። ሰውዬው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሳቁ ቤቱን ሞላው። ስድብ የለበት፣ ክፉ ቃል የለበት። ሰሙ ምስጋና ነው፤ ወርቁን ዋርነር ያውቀዋል።

"ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ" በ1965 ወጣና 5 ኦስካር ወሰደ። ስለሱ ብዙ ተብሏል፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ያ የተራራው መክፈቻ የተቀረፀው ከሄሊኮፕተር ነው። እያንዳንዱ ቀረፃ ሲያልቅ ሄሊኮፕተሩ ዞሮ ሲመለስ ንፋሱ ሳሩ ላይ ይጥላት ነበር። ተነስታ፣ ሳሩን አራግፋ፣ እንደገና በፈገግታ ትሽከረከራለች።

ድምፅ ብቻውን የሚያዋጣ ቢሆን ኖሮ ከዚያ በኋላ ባልወደቀች ነበር። በ1968 እና በ1970 የሠራቻቸው ሁለት ውድ የሙዚቃ ፊልሞች ከሰሩ። ያኔ ድምፅዋ እንደ ብርሌ ጥርት ያለ ነበር። ሰው ግን የሞግዚቷን መልክ ጠግቦ ነበር። ከዚያ ምን አደረገች? በ1971 የመጀመሪያዋን የልጆች መጽሐፍ አሳተመች። ከባሏ ከብሌክ ኤድዋርድስ ልጅ ጋር ስትጫወት ተሸንፋ፣ ቅጣትሽ ተረት መጻፍ ነው ተብላ የጀመረችው ነው ይባላል። ይህ የሆነው ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ 26 ዓመት በፊት መሆኑን ልብ በሉልኝ።

በ1982 "ቪክተር ቪክቶሪያ" ላይ ወንድ መስላ፣ ያ ወንድ ደግሞ ሴት መስሎ የሚዘፍንበትን ክፍል ተጫውታ ለኦስካር ታጨች። በ1995 ያንኑ ወደ ብሮድዌይ ወሰደችው። በሳምንት 8 ትያትር፣ ዕድሜዋ 60። በ1996 ከመላው ቡድን ለቶኒ፣ ለብሮድዌይ ትልቁ ሽልማት የታጨችው እሷ ብቻ ሆነች። መድረኩ ላይ ቆማ ከተዘለሉት ጋር መሆን ይሻለኛል ብላ እጩነቱን መለሰችው።

በ1997 ጉሮሮዋ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ከዚያ በኋላ የዱሮው ድምፅ አልተመለሰም። ከሰሰች፤ በ2000 በስምምነት አለቀ። ይህን ቀላል ነገር ነው የምል ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ከልጅነቷ ጀምሮ የኖረችበት ነገር ነው፤ ሐዘኑን ለመወጣት የባለሙያ እርዳታ እስከመፈለግ ደርሳለች። ከልጇ ከኤማ ጋር መጽሐፍ መጻፍ ስትጀምር፣ ኤማ ድምፅሽን የምትጠቀሚበት ሌላ መንገድ አገኘሽ እንዳለቻት ትናገራለች። እኔ "ሌላ" የሚለው ላይ ነው የምከራከረው። ያኔ ሞስ ሃርት ለ48 ሰዓት ያስቆፈራት ያው መንገድ አይደለም እንዴ?

ከዚያ ወዲህ ያለውን ተመልከቱ። በ2001 "ዘ ፕሪንሰስ ዳያሪስ" ላይ ንግሥት ሆነች፤ አንዲት ዓይን አፋር ልጅ እንዴት እንደምትቀመጥና እንደምትናገር የምታስተምር ንግሥት። የኢላይዛ ታሪክ ተገልብጦ መጣ ማለት ነው፤ አሁን አስተማሪዋ እሷ ናት። በ2010 በካርቱን የክፉ ሰውዬ እናት ሆነች።

የምወደው ግን የ2018ቱን ነው። አዲሱ "ሜሪ ፖፒንስ" ሲሠራ ብቅ እንድትል ተጠየቀች። አይሆንም፣ መድረኩ የአዲሷ ሜሪ ፖፒንስ የኤሚሊ ብላንት ነው ብላ ተወችው። ፊልሙ በወጣበት ሳምንት "አኳማን" የተባለው የጀብዱ ፊልምም ወጣ። እዚያ ውስጥ ከባሕር ሥር የሚኖር ግዙፍ ጭራቅ አለ። ሲናገር ውኃው ይናወጣል፤ ድምፁ በማሽን ወፍሯል፣ ተጎርንኗል። ጁሊ ናት። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል አንድም ቃል አያመልጣችሁም።