ለአለቃ ከመንገር ለጋዜጣ መጻፍ ይሻላል?

ኤድዋርድ ሌን በ2006 እ.ኤ.አ. የተቀጠረው አላባማ ውስጥ ችግረኛ ወጣቶችን የሚረዳ ፕሮግራም እንዲመራ ነበር። ፕሮግራሙን ያስተዳድር የነበረው ሴንትራል አላባማ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ገንዘብ አጥሯቸዋል። ሌን ወጪውን አንድ በአንድ ሲመረምር የደመወዝ ዝርዝሩ (ፔሮሉ) ላይ ሱዛን ሽሚትዝ የምትባል ሴት አገኘ። ደመወዟ ይወጣል፤ እሷ ግን ሥራ ቦታ የለችም። ሴትዮዋ ደግሞ እንዲሁ የምትነካ አይደለችም፤ ያኔ የአላባማ ምክር ቤት አባል ነበረች።

የዚያን ጊዜው የኮሌጁ ፕሬዚዳንትና የኮሌጁ ጠበቃ ሌንን አስጠነቀቁት። ብታባርራት ላንተም ለኮሌጁም መዘዝ አለው አሉት። እሱ ግን ሴትዮዋን ሀንትስቪል ካለው ቢሮ ገብተሽ ሥሪ አላት። እምቢ አለች። አባረራት። እሷም እንደምትበቀለው ለሌላ ሠራተኛ ነገረች።

ቀጥሎ ኤፍቢአይ ገባበት። ሌን መጀመሪያ ክስ ይመሥረት አይመሥረት በሚወስነው የዜጎች ጉባኤ (ግራንድ ጁሪ) ፊት፣ በኋላም በችሎት መጥሪያ ደርሶት መሰከረ። የመጀመሪያው ችሎት ላይ የጁሪ አባላቱ አልተስማሙም። በሁለተኛው ሽሚትዝ ጥፋተኛ ተባለች። 30 ወር እስርና ከ177 ሺህ ዶላር በላይ እንድትመልስ ተፈረደባት።

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት እንግባ። በጃንዋሪ 2009 አዲሱ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ስቲቭ ፍራንክስ በበጀት እጥረት የተነሳ የፕሮግራሙን 29 ሠራተኞች አሰናበተ። ሌን አንዱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ስንብቱ ተሻረ። 27ቱ ተመለሱ። ሁለት ሰዎች ቀሩ፤ ከሁለቱ አንዱ ሌን ነው።

ፍራንክስ ማብራሪያ አለው። ሌን የፕሮግራሙ ዳይሬክተር ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ አይታይም ይላል። ሊሆን ይችላል። በኋላ ጉዳዩን ያየው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በቀል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን አልወሰነም። እኔ ግን ይህን ቁጥር ሳይ ዝም ማለት ያቅተኛል። በቀል የያዘ አለቃ የስንብት ደብዳቤ ላይ «ስለመሰከርክ» ብሎ አይጽፍም። በጀት፣ መዋቅር፣ የሥራ ድርሻ መደራረብ ብሎ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ የተባረረ ሰው ከደብዳቤው ይልቅ አብረውት ከተባረሩት ማን ተመለሰ፣ ማን ቀረ ብሎ ቢያይ ይሻለዋል።

ሌን ከሰሰ። በሥር ፍርድ ቤቶች ተሸነፈ። በጁን 2014 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኝ ለዜሮ ፈረደለት። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሶንያ ሶቶማየር ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ምስክርነት መስጠት የመደበኛ ሥራው ካልሆነ በስተቀር፣ በመሐላ የሚሰጠው ቃል በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ነው አሉ። ሌላ ምን ሊሉ ይችሉ ነበር? መጥሪያ ደርሶት ባይቀርብ ይቀጣል። ቀርቦ ቢዋሽ ይታሰራል። እውነቱን ሲናገር ደግሞ ከሥራ ይባረራል። ሰውዬው የት ይግባ?

ብዙዎች ውሳኔውን ድል ብለው አጨበጨቡለት። እኔ ያን ያህል አልሞቀኝም።

በመጀመሪያ፣ ሌን ከፍራንክስ ኪስ አንዲት ሳንቲም አላገኘም። በ2009 ሕጉ በዚያ አካባቢ ግልጽ ስላልነበረ ባለሥልጣኑ በግሉ አይጠየቅም ተባለ። ወደ ሥራዬ መልሱኝ የሚለው ጥያቄው ወደ ሥር ፍርድ ቤት ተመለሰ። ፕሮግራሙ ግን እሱ በተባረረበት ዓመት ተዘግቷል። ሕጉን በገዛ እንጀራው ግልጽ ያደረገው ሰው ራሱ ከባለሥልጣኑ ካሳ ሳያገኝ ቀረ።

ሁለተኛው ይብሳል። ጥበቃው በመሐላ ለሰጠው ምስክርነት እንጂ በሥራው ላደረገው የወጪ ምርመራ (ኦዲት) አይደለም። በ2006 ይኸው ፍርድ ቤት አምስት ለአራት የወሰነው ሌላ ጉዳይ አለ። አንድ የሎስ አንጀለስ ዐቃቤ ሕግ፣ የብርበራ ፈቃድ የተጠየቀበት ቃለ መሐላ ስህተት አለው ብሎ ለአለቆቹ ማስታወሻ ጻፈ። በዚህ ተበቀሉኝ ብሎ ሲከስ፣ ማስታወሻውን የጻፍከው ሥራህ ስለሆነ ሕገ መንግሥቱ አይጠብቅህም ተባለ። በ1968 ግን አንድ የኢሊኖይ አስተማሪ የትምህርት ቦርዱን የገንዘብ አያያዝ ተችቶ ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ። ተባረረ፣ ከሰሰ፣ አሸነፈ።

እንግዲህ ሁለቱን አስተያዩ። ለጋዜጣ የጻፈው ዳነ። ጉዱን በቤት እንጨርሰው ብሎ በሥርዓቱ ለአለቃው ያሳወቀው ሜዳ ላይ ቀረ። ታማኙ ሠራተኛ የሚቀጣበት ሕግ ለማንም አይበጅም፤ ለኮሌጁ ራሱ አይበጅም።

እኛ ዘንድ «እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር» ይባላል። ጥሩ ነው። ግን የቤት ብድር (ሞርጌጅ) ያለበት፣ ልጆቹ በእሱ ኢንሹራንስ የሚታከሙ ሰው ከመሸበት ላድር ቢል ማን ይፈቅድለታል? ስለዚህ አሜሪካ ኮሌጅ የሚሠራ ወገን አንድ ጉድ ሲያይ የሚሰማው ምክር «ምን አገባህ፣ እንጀራህን ብላ» የሚል ነው። አልፈርድበትም።

ሆኖም ይህን ክፍተት በከፊል የደፈነ ሕግ አለ። ከ2013 ጀምሮ ከፌዴራል መንግሥት የድጋፍ ገንዘብ (ግራንት) የሚቀበል ተቋም፣ ከዚያ ገንዘብ ጋር የተያያዘ ከባድ ብክነት ወይም የሕግ ጥሰት ያጋለጠ ሠራተኛውን መበቀል አይችልም። ደግሞ ጋዜጣ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። እዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ጉዳዩን የመመርመር ወይም የማረም ኃላፊነት ላለበት ሰው መንገር ይበቃል። የተበቀሉት ሰው ግራንቱን ለሰጠው የፌዴራል መሥሪያ ቤት የውስጥ ተቆጣጣሪ (ኢንስፔክተር ጄኔራል) ያመለክታል፤ ጊዜው ሦስት ዓመት ነው። ሌን በተባረረበት ጊዜ ይህ ሕግ አልነበረም።

ሕጉ አሠሪውንም ያዝዛል። ሠራተኞቹ መብታቸውን በጽሑፍ፣ አብዛኞቹ በአፍ መፍቻነት በሚናገሩት ቋንቋ እንዲያውቁ ማድረግ አለበት። እንዲህ ያለ ወረቀት ደርሷችሁ ያውቃል? ካልደረሳችሁ የሠራተኞች አስተዳደር ክፍሉ (ኤችአር) ጋ ሄዳችሁ ጠይቁ።