የዘካ ሠራተኛም ድርሻ አለው

ኢስላሚክ ሪሊፍ የተባለው የእርዳታ ድርጅት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ ነው። ግብፃዊው ሐኪም ሃኒ አል-ባና ከተማሪ ጓደኞቻቸው ጋር በአፍሪካ ለደረሰው፣ እኛም የሰባ ሰባቱ ድርቅ ለምንለው ረሃብ ገንዘብ ማሰባሰብ ሲጀምሩ የመጀመሪያዋ መዋጮ ከቤተሰባቸው ልጅ የተገኘች 20 ፔንስ ነበረች። ታሪኩን የሚተርኩ ሁሉ ሳንቲሟ ላይ ይቆማሉ። እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ከቀዳሚ ሥራዎቻቸው አንዱ በሱዳን የዶሮ እርባታ መደገፍ ነበር። ዶሮ መኖና ክትባት ይፈልጋል፤ በየዕለቱ የሚያየው ሰውም ይፈልጋል። ሰውየው ደግሞ ደመወዝ።

ረመዳን ሲደርስ አንዳንድ ድርጅቶች ከምትሰጡት አንዲት ሳንቲም ለአስተዳደር አትውልም ብለው ያስተዋውቃሉ። ባየሁት ቁጥር ቅር ይለኛል። ቁርኣን በአት-ተውባ ምዕራፍ 60ኛ አንቀጽ ዘካ፣ ማለትም ሙስሊም ከሀብቱ የሚያወጣው ግዴታ ምጽዋት፣ የሚገባቸውን ስምንት ወገኖች ሲዘረዝር፣ ከድሆችና ከምስኪኖች ቀጥሎ በሦስተኛነት የሚጠቅሰው ዘካውን የሚሰበስቡትንና የሚያከፋፍሉትን ሠራተኞች ነው። ባለዕዳውና መንገደኛው እንኳን ከእነርሱ በኋላ ነው የመጡት።

ሰጪዎች አብዝተው የሚወዱት የውሃ ጉድጓድ ነው፤ ሰደቀቱል ጃሪያ፣ ሰው ከሞተ በኋላም ምንዳው የማይቋረጥ ምጽዋት። የሟች አባት ስም ሲሚንቶው ላይ ይጻፋል፣ ፎቶ ይነሣል። በእጅ ፓምፑ ውስጥ ግን አንዲት የጎማ ማሸጊያ አለች። እርሷ ስታልቅ ውሃው እየሳሳ ይሄዳል፤ መያዣውን ደጋግመው ቢጫኑትም ጀሪካኑ አይሞላም። ጎማዋ ርካሽ ናት። ወጪ የሚጠይቀው የሚቀይራት ባለሙያ፣ ሞተር ብስክሌቱና ነዳጁ ነው። ጃሪያ ማለት የሚፈስ ማለት ነውና፣ ስሙ ተጽፎ ውሃው ሲቆም ምን ተረፈ?

የባንኩ ጉዳይ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የስዊሱ ባንክ ዩቢኤስ፣ በኋላም የእንግሊዙ ባንክ ኤችኤስቢሲ ከኢስላሚክ ሪሊፍ ጋር የነበራቸውን ግንኙነት አቋርጠዋል። ባንኮች ገንዘብ ወደ ጦርነት ቀጠና ሲላክ በሽብር ሕግ እንዳይጠየቁ ይሰጋሉ። ገንዘቡ የት እንደደረሰ በደረሰኝ የሚያሳይ ኦዲተርና የሕግ ባለሙያ የሌለው ድርጅት ይህን ስጋት በምን ያስታግሳል? እነዚህ ሰዎች ዱቄት አያድሉም፤ ያለ እነርሱ ግን ዱቄቱ የሚገዛበት ገንዘብ ከባንክ አይወጣም።

በዚህ ሰበብ ለቅንጦት መኪና የሚያወጣ አለቃ ቢኖር ይጠየቅ፤ ከእስልምና የሕግ መዝሀቦች አንዱ የሆነው የሻፊዒ ሊቃውንትም የሠራተኞቹ ድርሻ ከስምንት አንድ እጅ እንዳያልፍ ገድበዋል። ገደብ ማበጀትና ድርሻውን ጨርሶ መንፈግ ግን ለየቅል ናቸው። በሚቀጥለው ረመዳን ለጉድጓድ መዋጮ ስጠየቅ እኔም የምጠይቀው አለኝ፦ ጎማዋን የሚቀይረው ማን ነው? ደመወዙስ ከየት ይመጣል?