ወርቁ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው

በወርቅ የተጠገነ የተሰበረ ሳህን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ያላየ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ከሥሩ “ስብራትህ ውበትህ ነው” ተብሎ ይጻፍበታል። ጃፓኖች ኪንትሱጊ የሚሉት ጥበብ ነው። እዚህ ቶኪዮ ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ካየሁ ወዲህ ግን የሚገርመኝ ወርቁ ሳይሆን ጊዜው ነው።

ሙጫው ኡሩሺ ከሚባል ዛፍ ይወጣል። አንድ ዛፍ ከ10 ዓመት በላይ አድጎ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ቢሰጥ ነው። ጥሬው ቆዳ ከነካ ያሳክካል፣ ያሳብጣል። ጠጋኟ ጓንት አጥልቃ ከስንዴ ዱቄት ጋር ትለውሰዋለች። የስባሪውን ጠርዝ በስሱ ቀብታ ትገጥመዋለች። ከዚያ እርጥበት ያለው ሳጥን ውስጥ ታስገባዋለች፤ ይህ ሙጫ የሚጠነክረው በእርጥበት ነውና። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ይቆያል። አውጥታ የተሸረፈውን ትሞላለች፣ መልሳ ታስገባለች። በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለች፣ ትቀባለች፣ እንደገና ታስገባለች። እንዲህ እያለ ወራት ያልፋል። ወርቁ የሚነሰነሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ለሞት እኛም እንዲህ ያለ ጊዜ እንሰጣለን። ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም። ባሕር ማዶም መርዶ ሲመጣ ተሰብስበን በማለዳ ሄደን ነው የምናረዳው። ጃፓኖችም 49ኛውን ቀንና ሙት ዓመቱን ያስባሉ። ሆኖም እዚህ ሰው እንደ ሳህኑ ስብራቱን አያሳይም። እናቷን የቀበረች የሥራ ባልደረባዬ በሳምንቱ ተመልሳ፣ ጣፋጭ ይዛ እየዞረች፣ ስለቀረች ይቅርታ ስትጠይቅ አይቻለሁ። አንጀቴን ነው የበላችው።

እኛ ደግሞ ሞት ላልሆነ ስብራት ትዕግሥት የለንም። ትዳሯ ለፈረሰባት “እርሺው፣ ሌላ ታገኛለሽ” እንላለን። ከዓረብ አገር ተደብድባ፣ ደመወዟን ተከልክላ የተመለሰችውን ልጅ ገና ሻንጣዋን ሳታወርድ “ምን ይዘሽ መጣሽ?” እንላታለን። “ደህና ነኝ፣ ይመስገን” ብላ ትዘጋዋለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን፤ መደበቁን የምናስተምራት ግን እኛው ነን።

ይህች ልጅ ሰልስትም አርባም የላትም። ጠዋት ማታ “ሥራ ፈልጊ”፣ “አግቢ” ትባላለች። ጎረቤት ተራ ገብቶ ቡና እያፈላ፣ ምንም ሳይጠይቃት፣ አንድ ወር እንኳ አብሯት ቢቀመጥ ምን ይከብደናል? ለቅሶ ቤት እንችልበት የለ እንዴ!