አንድ ሰው ሆኖ «ዜይ አር»? አዎ፣ ምን ችግር አለው

እንግሊዝኛ ላይ ማለቂያ የሌለው ጭቅጭቅ አለ፣ «ዜይ» (they፣ «እነሱ») የብዙ ነው፣ ለአንድ ሰው እንዴት ይባላል የሚል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይባላል፣ ግሱም «አር» እንደሆነ ይቀጥላል። «ዜይ ኢዝ» ብሎ ሊያስተካክል የሚሞክር ሰው ነው ነገሩ ያልገባው፣ ምክንያቱም ግሱ የሚከተለው ተውላጠ ስሙን እንጂ የሰዉን ብዛት አይደለም። እኛስ «እሳቸው መጡ» ስንል የመጣው አንድ ሰው አይደል? ግሱ ግን «እነሱ መጡ» ላይ ካለው ጋር ቁርጥ አንድ ነው፣ ሰዋሰው ፈረሰ ብሎ የጮኸ የለም።

እንግሊዝኛም ቢሆን ይሄን ድሮ አልፎበታል። «ዩ» (you) የብዙ ነበር፣ ለአንድ ሰው የሚባለው «ዛው» (thou፣ «አንተ» ወይ «አንቺ») ነበር፣ ከዛ ለማክበር ሲባል ለአንዱም «ዩ» እየተባለ እየተባለ «ዛው» ከመደበኛው ንግግር ወጣች። 18ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ደግሞ ለአንድ ሰው ሲሆን «ዩ ዋዝ» የሚሉ ነበሩ (ሎጂኩ እኮ አሪፍ ነበር!) ግን ሮበርት ሎውዝ የሚባለው፣ በኋላ ጳጳስ የሆነው ሰውዬ፣ በ1762 ባሳተመው ሰዋሰው አወገዘው፣ በመጨረሻም «ዩ ወር» አሸነፈ። ዛሬ አንድ ሰው «ዩ አር» ሲባል የሚከፋው የለም፣ «ዜይ» ላይ ሲደርስ ነው ሁሉም የሰዋሰው ጠበቃ የሚሆነው።

ማንነቱ ላልታወቀ አንድ ሰው «ዜይ» ማለት ደግሞ የትናንት ፋሽን አይደለም፣ 14ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ላይም አለ። አዲሱ ነገር፣ ወንድም ሴትም ተብሎ መጠራት የማይፈልግን፣ የምናውቀውን ሰው «ዜይ» ማለቱ ነው፣ የአሜሪካው መዝገበ ቃላት አሳታሚ ሜሪያም ዌብስተር በ2019 መዝገበ ቃላቱ ውስጥ የጨመረውም ይሄንኑ ነው።

የሚያምታታ ቦታ የለም አልልም። «አሌክስ ኢዝ ሂር» ብለህ ወዲያው «ዜይ አር ታየርድ» ትላለህ፣ በስም ሲሆን ኢዝ፣ በተውላጠ ስም ሲሆን አር፣ ለጀማሪ ይከብዳል። አሌክስ ከጓደኞቹ ጋር ከሆነማ የደከመው ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ያኔ ስሙን መድገም ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

አንድ የሚቀረኝ «ዜምሰልፍ» (themself፣ «ዜይ» ለሚባል አንድ ሰው «ራሱን» እንደማለት) ነው። ብዙ ሰው ስህተት ነው ይላል፣ «ዜምሰልቭዝ» በል ይልሃል፣ ግን «ዩ አር» የምንለው ሰው አንድ ሲሆን «ዩርሰልፍ»፣ ብዙ ሲሆኑ «ዩርሰልቭዝ» እንል የለ እንዴ? እኔ እጽፈዋለሁ፣ ስፔል ቼከሩ ቀይ ያስምርበት።