ብልሽት ለሚጠቁም ሰው ይህ ሁሉ እንግልት ለምን?

የነፃ ሶፍትዌር ብልሽት ያየ ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ይችላል፤ አብዛኛውም ያልፋል። ታዲያ ጊዜውን ሰውቶ «ይህ ተበላሽቷል፣ አስተካክሉት» ሊል የመጣውን ጥቂት ሰው ማንገላታት ምን የሚሉት ነገር ነው?

ዴቢያን ሊኑክስ በሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ላይ ለዚህ ሪፖርትበግ የሚባል የተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ትእዛዝ አለ። መጀመሪያ ሲከፈት ጥያቄውን ያዘንበዋል። ጀማሪ ነህ ወይስ ባለሙያ? የኢሜይል አድራሻህ? ኮምፒውተርህ ላይ ኢሜይል የሚልክ ሰርቨር አለ? ኧረ እሱ ከየት ይመጣል! ቤቱ ተቀምጦ በላፕቶፕ የሚሠራ ሰው ምን ሊያደርግበት? የብልሽቱ ክብደት ደግሞ 7 ደረጃ አለው፤ የትኛው «አሳሳቢ»፣ የትኛው «አስፈላጊ» እንደሆነ መለየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ሪፖርትበግ የፓኬጁን (የተበላሸውን የሶፍትዌር ጥቅል) ስሪትና ተያያዥ ፓኬጆቹን ራሱ ሰብስቦ ይጽፋል፤ ሌሎች ቀድመው የጠቆሙትንም ያሳያል። ይህ ግሩም ሥራ ነው፤ የሚያንገበግበኝም ለዚሁ ነው። ይህን ሁሉ ከሠራ በኋላ ሪፖርቱን የሚልከው በኢሜይል ነው! አይፈለጌ መልእክትን ለመከላከል ሲሉ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ፖርት 25ን፣ ማለትም ኢሜይል የሚያልፍበትን የኔትወርክ በር፣ ይዘጋሉ። በዚያ በኩል ከሞከርክ ሪፖርቱ አይሄድም፤ የለፋህበት ጽሑፍ ጊዜያዊ ፋይሎች ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ያ ማኅደር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ይጸዳል። በፖርት 587 የዴቢያንን የራሱን ሰርቨር መጠቀም ይቻላል፤ ይህን የሚያውቀው ግን መመሪያውን አገላብጦ ያነበበ ብቻ ነው። ሪፖርቱ ደርሶ ከተመዘገበም የኢሜይል አድራሻህ ከእሱ ጋር ለዓለም ሁሉ ይታያል።

ይህ እኛን በተለይ ይጎዳናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የሚወከሉበት መስፈርት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እስከ ዛሬ ግን በብዙ ተርሚናሎች ላይ ፊደሎቻችን እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ ለላቲን ፊደል በተለካች ጠባብ ሳጥን ውስጥ «ጨ»ን እና «ሠ»ን ማጨቅ ይህንን ያመጣል። ችግሩን የሚያየው አማርኛ የሚጽፍ ሰው ነው፤ ሌላው አያየውም፣ ስለዚህም አይጠቁምም። ያ ሰው ኢሜይል ማዋቀር ላይ ተሰላችቶ ሲተወው፣ አዘጋጆቹ ብልሽት መኖሩን በምን ይወቁ? ከሪፖርት ማነስ ተነስቶ «ፊደላችሁ ደህና ነው» የሚለን ቢመጣስ ምን እንመልሳለን?

ፓኬጅ የሚወርደው በድር ነው፤ ማሻሻያውም እንዲሁ። ሪፖርቱም በዚያው መንገድ ይሂድ! አድራሻውን መስጠት የማይፈልግ ሰውም ሳይሰጥ ይጠቁም።