ኦንላይን ሃይስኩል፦ ከውጤቱ በፊት ሰዓቱን ቁጠሩ

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጃቸውን ከክፍል አውጥተው ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ሊያስተምሩ ሲያስቡ፣ ብዙ ጊዜ የሚገፋቸው የድብድቡ፣ የቬፑ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራው) እና የጓደኛ ግፊቱ ስጋት ነው። ስጋቱ እውነት ነው። መፍትሔው ግን አባት ኡበር በሚነዳበት፣ እናት ነርሲንግ ሆም ድርብ ሽፍት በምትሠራበት ቤት አያዋጣም።

ሒሳቡን እንየው። በቨርጂኒያ ደንብ አንድ መደበኛ ክሬዲት (የአንድ ዓመት ኮርስ) የሚለካው በ140 ሰዓት ትምህርት ነው። ሰባት ኮርስ የያዘ ተማሪ 980 ሰዓት ይጠብቀዋል፤ በ36 ሳምንት ሲካፈል በየሳምንቱ 27 ሰዓት ያህል ይመጣል። መደበኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ይህን ሰዓት ደወሉና መምህሩ ያስከብራሉ። ተማሪው በራሱ ጊዜ በሚከታተለው ኮርስ ግን ሰዓት አስከባሪው የ15 ዓመቱ ልጅ ራሱ ነው። ሁለት ሳምንት ከሰነፈ በሦስተኛው የ81 ሰዓት ሥራ ተከምሮ ያገኘዋል። ቪዲዮ እያሳለፉ መሮጥና መልስ ከኢንተርኔት መገልበጥ የሚጀመረው ያኔ ነው።

ወላጅ ይህን ቶሎ አያየውም፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ውጤት ያታልላል። ካንቫስ የተባለውን የኦንላይን መማሪያ ፕሮግራም በሚጠቀሙ ትምህርት ቤቶች ገጹ በተለምዶ የሚያሳየው የታረሙትን ሥራዎች ውጤት ብቻ ነው። ከአሥር አሳይመንት ሦስቱን አስገብቶ በሦስቱም 95 ያገኘ ልጅ፣ መምህሩ ላልገቡት ዜሮ እስኪሞላ ድረስ 95 ከመቶ ይዞ ይታያል። «ግሬድስ» በሚለው ገጽ ላይ ስሌቱን በታረሙት ብቻ የሚገድበውን ምልክት ብታነሱት፣ አሥሩ እኩል ነጥብ ካላቸው፣ 28.5 ይመጣል። ቀናቸው ገና ያልደረሰ ሥራዎችንም ስለሚቆጥር ቁጥሩን ብቻ ይዛችሁ ልጁን አትቆጡ፤ «ሚሲንግ» የሚል ምልክት ያለባቸውን አንድ በአንድ እዩ። የወላጅ አካውንት ለመክፈት ልጁ ከራሱ «ሴቲንግስ» ውስጥ ባለ ስድስት ሆሄ ኮድ ያወጣላችኋል። ኮዱ የሚያገለግለው ለሰባት ቀን ነው።

ከኢትዮጵያ በቅርቡ ለመጣ ልጅ ሙሉ ኦንላይን ትምህርትን ጭራሽ አልመክርም። እንግሊዝኛው የሚፈታው በኮሪደሩ፣ በምሳ ሰዓቱ፣ በኳስ ሜዳው ነው። ካሜራውንና ማይኩን አጥፍቶ የሚውል ልጅ ቋንቋውን መስማት ይለምድ ይሆናል፤ መናገሩ ግን ይቀርበታል። (ነፃ ምሳውም አብሮ ሊቀር እንደሚችል አትርሱ።)

በሕመም ምክንያት ከቤት መውጣት ለማይችል ወይም ትምህርት ቤቱ የማይሰጠውን የኤፒ (በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ) ኮርስ ለሚፈልግ ተማሪ ግን ትልቅ ዕድል ነው። እሱም ቢሆን ሁሉን ነገር ከቤት አይጨርስም፤ ኤስኦኤል የሚባለውን የቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ፈተናና በግንቦት አካባቢ የሚሰጠውን የኤፒ ፈተና በተለምዶ በአካል ተገኝቶ ነው የሚፈተነው። በሥራ ቀን ጠዋት ማን ያደርሰዋል? በኮሌጅ ስፖርት ተስፋ ያለው ደግሞ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩን የኤንሲኤኤን መስፈርት አስቀድሞ ይመልከት። ማኅበሩ ከኦንላይን ኮርስ ከመምህር ጋር የማያቋርጥ ግንኙነትና የተወሰነ የማጠናቀቂያ ጊዜ ይጠይቃል፤ በ2014 ኬ12 የተባለውን የኦንላይን ትምህርት ኩባንያ ኮርሶች ይሰጡ የነበሩ 24 ትምህርት ቤቶችን ኮርስ አልቀበልም ብሏል። ፕሮግራሙ ራሱም ላይዘልቅ ይችላል፤ በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ቨርቹዋል አካዳሚ (የኦንላይን ትምህርት ቤቱ) በ2024 በበጀት ምክንያት ተዘግቷል።

ልጁን ለመፈተን ከትምህርት ቤቱ ሳይወጣ አንድ ኮርስ ኦንላይን ይውሰድ። ቨርጂኒያ ለዲፕሎማ አንድ የኦንላይን ኮርስ ስለምትጠይቅ ይህ ትርፍ ሥራ አይሆንበትም። በዘጠኝ ሳምንት ውስጥ ያለጎትጓች በየሳምንቱ አራት ሰዓቱን ካከበረ ሁለተኛ ይጨመርለት። ሙሉ በሙሉ ለማዛወር ከመፈረማችሁ በፊት ግን መምህሩ በሳምንት ስንት ሰዓት በቀጥታ እንደሚያስተምር ጠይቁ። መልሱ «ተማሪው በሚመቸው ጊዜ ይከታተላል» ከሆነና ቀን ቀን ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ከሌለ፣ አትፈርሙ።