መኪናውን አትበትኑት

አንድ ቅዳሜ የሚሸጥ አሮጌ ቮልስዋገን ቢትል አለ ተብዬ ላየው ሄድኩ። ሻጩ የጋራዡን በር ሲከፍተው ያገኘሁት ግን መኪና ሳይሆን የመኪና ዕቃ ነው። ቦዲው በእንጨት ላይ ተቀምጧል። በሮቹ ግድግዳ ተደግፈዋል። ሞተሩ ጥግ ላይ ላስቲክ ለብሶ ተኝቷል። ዙሪያውን 11 ካርቶን ተደርድሯል። አንዱን ከፈትኩት። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ የበር እጀታ፣ የፍሬቻ አምፖል፣ ሁሉም አንድ ላይ ተዘርግፏል።

«ምንም የጎደለ ነገር የለም» አለኝ ሰውየው። ትንሽ ቆየና «ቀለም ልቀባው ብዬ ነበር የጀመርኩት» አለ። ከጀመረው 9 ዓመት ሆኖታል። መኪናውን የገዛው ጊዜ ግን ራሱ እየነዳ ነበር ወደ ቤቱ ያመጣው።

ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም። አንደኛውን ፓራፋንጎ (የጎማውን የላይ ሽፋን) አገላብጬ አይቼዋለሁ። ዝገቱ ተፍቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ፣ ጸረ ዝገት ተቀብቶ ነበር። እንደዚያ የሚሠራው መኪናውን ከልቡ የሚወድ ሰው ብቻ ነው። ያሳሳተው የሰማው ምክር ነው። አሮጌ መኪና ማደስ ያማረው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር፦ «እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፍታው፤ ባዶ ብረት እስኪቀር አራግፈው፤ ከዚያ እንደ አዲስ ግጠመው።»

እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። በቤቱ፣ በትርፍ ሰዓቱ፣ በራሱ እጅ አሮጌ መኪና የሚጠግን ሰው መኪናውን መበተን የለበትም። እየነዳ ይጠግነው፤ እየጠገነ ይንዳው።

ምክሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በቴሌቪዥንና በቪዲዮ የምናየው እድሳት እንደዚያ ነው። የዛገው መኪና ይገባል፣ ይፈታል፣ ያብለጨልጫል፣ ይወጣል፤ አንድ ሰዓትም አይፈጅ። ከካሜራው ጀርባ ግን በያጆች፣ ቀለም ቀቢዎች፣ የወንበር ሠራተኞችና መኪና ማንሻ ማሽኖች አሉ። ሥራቸው ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ እሱ ላይ ናቸው። እኛ ያለን ቅዳሜ ከሰዓት፣ አንድ ክሪክና ሁለት እጅ ነው። የእነሱን አሠራር ለእኛ ቤት ማምጣት አያዋጣም።

የተበተነ መኪና በቤት ውስጥ ለምን እንደሚቀር ብዙ አይቻለሁ። አንዱ ምክንያት መርሳት ነው። ዛሬ የፈታችሁትን ዛሬ ማታ ስትገጥሙት እጃችሁ ራሱ ያስታውሰዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ያቺ ቀጭን ሮንዴላ የየት እንደሆነች የሚነግራችሁ አይኖርም። ሌላው፣ የቆመ መኪና ባለበት አይቆይም። ታንከር ውስጥ የቀረው ቤንዚን ቀላሉ ነገሩ ይተንና የተረፈው እንደ ሙጫ ሆኖ የካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ) ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ጎማና ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ተፍቆ ባዶውን የቀረ ብረት እርጥብ አየር ካገኘው በአንድ ሌሊት ቡናማ ዱቄት ያወጣል። ያደሳችሁት ክፍል ሌላውን ስትጠብቁ እንደገና ያረጃል ማለት ነው።

ትልቁ ነገር ግን ፍላጎት ነው። ከሥራው በኋላ መኪናውን አስነስቶ አንድ ዙር ነድቶ የገባ ሰው የሚቀጥለውን ቅዳሜ ይናፍቃል። ካርቶን ብቻ እያየ የሚውል ሰው ቀስ በቀስ ወደ ጋራዡ መግባት ይጠላል። ይህን ሰው ላይ አይቼዋለሁ፤ ያሳዝናል።

እኔ ያንን ቢትል አልገዛሁትም። ቆይቼ ያገኘሁት ሌላ ቢትል፣ የ1965 ሞዴል ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደክሞታል፣ ግን ይሄዳል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መኪና የለም ባይ ነኝ። እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቢትል ተሠርቷል፤ ስለዚህ መለዋወጫው ዛሬም አለ። ሞተሩ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ ራዲያተር የለውም። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የያዙት ዋና ብሎኖች 4 ብቻ ናቸው። ለነገሩ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ለመውረድ ቀላል ስለሆነ ብቻ ያወርደዋል። እኔ ሞተሩን ያወረድኩት ገና በአራተኛው ዓመት ነው፤ ያወረድኩትም የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቆ ስለነበር ነው።

ታዲያ ከምን ይጀመራል? ከፍሬን። ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር መቆም የማይችል መኪና መነዳት የለበትም። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ መኪኖች፣ የእኔም ጭምር፣ የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው። አንዱ ጎማ ጋ ያለው ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እርጥበቱ ሲሊንደሮቹን ከውስጥ ያዝጋል፤ ዘይቱ ሲግልም በቀላሉ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል። ስለዚህ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ እቀይራለሁ። ቀለም ላይ እንዳይንጠባጠብ ተጠንቀቁ፤ ይልጠዋል።

ከሁሉም የሚያታልለው የጎማ ቱቦው ነው። ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል። ውስጡ ግን አብጦ መንገዱን ይዘጋል። ፍሬን ስትረግጡ ዘይቱ በግፊት ያልፋል፤ ስትለቁ ግን መመለሻ ያጣል። የእኔ መኪና የፊት ቀኝ ጎማ እንዲህ ተይዞ ይግል ነበር። የፍሬኑ ሸራ ነው ብዬ፣ ኩሽኔታው ነው ብዬ ፈታሁት፤ አልነበረም። አንዱን ቱቦ ፈትቼ ብነፋበት ትንፋሼ እንኳ አላልፍ አለ። አራቱንም ቀየርኩ። ሥራው ሁለት ቅዳሜ ወሰደ። ሁለተኛው ቅዳሜ ማታ መኪናው መሬት ላይ ነበር፤ ቀጥ ብሎም ይቆም ነበር።

ከፍሬን ቀጥሎ መሄዱ ነው። እዚህ ላይ ስለ ፑንቲና ልንገራችሁ፤ በአሮጌ ሞተር ላይ የምወደው ሥራ ይህ ነው። የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዕቃ) ክዳን ስታነሱ ሁለት ትንንሽ ብረቶች ፊት ለፊት ተገናኝተው ታያላችሁ፤ ፑንቲና እነሱ ናቸው። ሞተሩ ሲዞር ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። በተከፈቱ ቁጥር ካንዴላው ላይ እሳት ይዘላል። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር እነዚህ ብረቶች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይከፈታሉ። ጥፍር የማታክል ብረት ይህን ሁሉ ትሠራለች!

ሲያረጁ በአንዷ ፊት ላይ ትንሽ ጉድጓድ፣ በሌላዋ ላይ ትንሽ ጉብታ ይወጣል። የሚንሸራተተው ፕላስቲክ መሰል ክፍልም ያልቃል፤ ክፍተቱ ይጠብባል፤ እሳቱ ይዘገያል። ያኔ መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል፣ ቤንዚን ይበላል። ጉብታውን በቀስታ ታስተካክላላችሁ፣ ብዙ ከተበላች አዲስ ትገጥማላችሁ። ከዚያ ክፍተት መለኪያውን ታስገባላችሁ። ለእኔ መኪና 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያው ሲጎተት በትንሹ መያዝ አለበት፣ መጨናነቅ የለበትም። ብሎኗን ስታጠብቁ ክፍተቱ ስለሚነቃነቅ እንደገና ትለካላችሁ። አንዳንዴ ሦስቴ፣ አራቴ። ሥራው ግማሽ ሰዓት ነው። ቁልፉን ስታዞሩ ሞተሩ አንዴ ብቻ አጉረምርሞ ሲነሳ ግን ያ ግማሽ ሰዓት ምን እንደሠራ ጆሯችሁ ይሰማዋል። ይህን ሥራ ለመሥራት አንድም በር መንቀል አላስፈለገም።

ኤሌክትሪኩም እንደዚያው ነው። የእኔ መኪና በ6 ቮልት ነው የሚሠራው። የፊት መብራቱ እንደ ሻማ ነበር። ሽቦውን በሙሉ ቀይር ያሉኝ ብዙ ናቸው። እኔ ሽቦው ከቦዲው ጋር የሚታሰርባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ፈትቼ፣ ዝገቱን ፍቄ፣ መልሼ አሰርኳቸው። መብራቱ ተመለሰ። 6 ቮልት ላይ ትንሽ ዝገት ብዙ ይሰርቃል።

ብልሽቱን ፈልጎ እሱን ብቻ መጠገን አዲስ ነገር አይደለም። የመኪና ሠሪው የካርል ቤንዝ ሚስት ቤርታ ቤንዝ በነሐሴ 1888 ከሁለት ወንዶች ልጆቿ ጋር የባሏን ሦስት ጎማ መኪና ይዛ ጀርመን ውስጥ ከማንሃይም ወደ ፕፎርትስሃይም ስትጓዝ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። እንደሚተረከው፣ የነዳጅ ቱቦው ሲደፈን በባርኔጣ መርፌዋ ከፈተችው። ሽቦው መከለያ ሲያጣ የካልሲ ማሰሪያዋን ተጠቀመች። የእንጨት ፍሬኑ ሲበላ ጫማ ሠሪ ቆዳ እንዲመታበት አደረገች። ከዚያ ጉዞዋን ቀጠለች። ያኔ ጋራዥ የሚባል ነገር አልነበረም። የቤት ውስጥ ጠጋኝ አርአያ ካስፈለገው እሷ ትበቃዋለች።

የግድ ጠለቅ ብሎ መፍታት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ እሱም ዝገት ነው። ካቻቢቴ ይዛችሁ ወለሉንና ከበሩ በታች ያለውን ብረት ጫን ጫን አድርጉት። ካቻቢቴው ከገባ ጨዋታው ሌላ ነው። ቢትል ላይ ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ ከባትሪው የሚወጣው አሲድ ብዙ ጊዜ እዚያ ያለውን ወለል ይበላዋል። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ በስቱኮ የሚደፍን ሰው ራሱንም መኪናውን የሚገዛውንም ይጎዳል። ስቱኮው ውሃ ይይዛል፣ ዝገቱ ከሥር መሥራቱን ይቀጥላል፣ ላዩ ግን ያምራል። የበሰበሰው ተቆርጦ ይውጣ፣ አዲስ ብረት ይበየድ። ይህም ቢሆን በየተራ ይሠራል። መጀመሪያ የግራው ወለል አልቆ ተቀብቶ ይዘጋ፤ ከዚያ የቀኙ። ከበር በታች ያለው ብረት የሚቆረጥ ከሆነ ቦዲው እንዳይጎብጥ አስቀድሞ የበሩን ክፍተት በብረት ደግፉት።

የሚፈታ ነገር ሲኖር ደግሞ እኔ የምጠቀምበት ዘዴ አለ። ካርቶን ላይ የዕቃውን ቅርጽ እስለዋለሁ። ብሎኖቹን ከወጡበት ቦታ ልክ ካርቶኑ ላይ እሰካቸዋለሁ። ረጅሟ የት፣ አጭሯ የት እንደነበረች በዓይን ይታያል። ከመፍታቴ በፊትም ፎቶ አነሳለሁ።

ቀለሙስ? የመጨረሻው ይሁን። እንዲያውም የፋብሪካው ቀለም ካለ ባይነካ ደስ ይለኛል። የዓለም አቀፉ የጥንታዊ መኪኖች ፌዴሬሽን ፊቫ በ2012 ያጸደቀው የቱሪን ቻርተር የሚለውም ወደዚህ ይቀርባል። ከማደስ በፊት ጠብቆ ማቆየት ይቅደም ይላል። የእኔ መኪና የሾፌሩ በር እጀታ አካባቢ ቀለሙ እስከ ጸረ ዝገቱ ድረስ ሳስቷል። ከእኔ በፊት የነበሩት ሰዎች ጣት ነው ያሳሳው። ይህን ቀብቼ ላጠፋው አልፈልግም። ሰም ቀብቼ እንዳይዝግ እጠብቀዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር በፍጹም አትግቡ፤ ክሪክ ለማንሻ እንጂ ለማቆያ አይደለም፤ በጠንካራ የብረት መቆሚያ ደግፉት። የአሮጌ መኪና የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በአየር አትንፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥም ሞተር አታስነሱ። የማርሚታው ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የሚገድለው ሳይታወቅ ነው።

መኪናውን ቀድሞ የበተነስ ምን ያድርግ? ባለ 11 ካርቶኑን ሰውዬ በኋላ ተመልሼ ጠይቄዋለሁ። «አትሽጠው፤ ቀለሙንም ለጊዜው እርሳው» አልኩት። አንድ ቅዳሜ ካርቶኖቹን በሙሉ ወለሉ ላይ ዘረገፍናቸው። የፍሬን የሆነውን ወደ አንድ ጎን፣ የመብራት የሆነውን ወደ ሌላ፣ የበር የሆነውን ለብቻ። እስከ 9 ሰዓት ይህንን ብቻ ሠራን። ከዚያ የግራውን በር አነሳን። እሱ ከሥር ደገፈ፣ እኔ የማጠፊያውን ብሎኖች አስገባሁ። አንዷ አልገባም አለች፤ ጥርሷን አጽድተን ዘይት ነካ አደረግናት። በሩን ቀስ ብሎ ገፋው። ጠቅ ብሎ ገጠመ። ከፈተው፣ እንደገና ዘጋው። ከዚያ ቀኝ በሩን ሊያመጣ ሄደ።